ኮሌጁ «አደገ» ከማለታችን በፊት ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነ እንጠይቅ

ክቡራን አዘጋጆች፣

የልጆቻችንን የኮሌጅ ስፖርት ዜና ስታወጡ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ፤ ኮሌጁ ወደ ዲቪዚዮን አንድ «አደገ»፣ ወይም ወደ ዲቪዚዮን ሦስት «ወረደ»። ቃላቱ ከአገር ቤት እግር ኳስ አብረውን የመጡ ናቸው። በከፍተኛ ሊግ ነጥብ ሰብስቦ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ክለብ አደገ ይባላል፣ ከሠንጠረዡ ግርጌ የቀረው ወረደ ይባላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። የአሜሪካ ኮሌጅ ግን ዲቪዚዮን የሚቀይረው በነጥብ አይደለም። በቦርድ ውሳኔ፣ በኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ማኅበር) ግብዣ፣ በገንዘብና ዓመታት በሚፈጅ ወረቀት ነው። ይህ ለተመልካች ብዙም ላያሳስብ ይችላል። ልጁን ለማስፈረም እስክሪብቶ ላነሳ ወላጅ ግን የልጁን የኮሌጅ ዕድሜ በሙሉ ሊበላ የሚችል ጉዳይ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሚኒሶታ ልጀምር። ሴንት ቶማስ ዩኒቨርሲቲ በዲቪዚዮን ሦስት ሳለ፣ በ1920 ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ የገባበት ኮንፈረንስ በሜይ 2019 አስወጣው። ጥፋቱ ከመጠን በላይ ማሸነፉ ነበር። በ2017 በአሜሪካን ፉትቦል ሴንት ኦላፍን 97 ለ0 ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ሌሎቹ አነስተኛ ኮሌጆች ከዚህ ጋር ሚዛን የለንም አሉ። ሴንት ቶማስ የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነውን ኤንሲኤኤን አስፈቅዶ በ2021 ከሦስት በቀጥታ ወደ አንድ ዘለለ፤ በዘመናዊው የኤንሲኤኤ ታሪክ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ነው። አስጨብጭበን ነበር። ግን የተሰጠው የሽግግር ጊዜ አምስት ዓመት ነበር፣ ኋላ ደንቡ ተሻሽሎ ወደ አራት ወረደለት፣ ሙሉ አባል የሆነውም በ2025 ነው። በ2021 መኸር ላይ «ዲቪዚዮን አንድ ገባሁ» ብሎ የተመዘገበ ሯጭ በአራት ዓመቱ፣ በ2025 ጸደይ ሲመረቅ፣ አንድም ቀን ለኤንሲኤኤ ሻምፒዮና መብቃት ሳይፈቀድለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እነሆ። ኤንሲኤኤ አባሎቹን በሦስት ዲቪዚዮን የከፈለው በ1973 ነው። ዲቪዚዮን አንድ ቢያንስ 14 የስፖርት ዓይነቶችን ማወዳደር ይጠይቃል፣ በአሜሪካን ፉትቦል ከፍተኛው እርከን ኤፍቢኤስ ላይ ላለ ኮሌጅ ደግሞ 16። ዲቪዚዮን ሁለት 10 ይበቃዋል፣ ስኮላርሺፑም በአብዛኛው እየተቆራረሰ የሚከፋፈል ነው። ዲቪዚዮን ሦስት በስፖርት ስም አንዲት ሳንቲም አይሰጥም፤ የሚሰጠው በትምህርት ውጤት ወይም በቤተሰብ ገቢ ነው።

ከሁለት ወደ አንድ መሄድ ያሰበ ኮሌጅ መጀመሪያ የሚቀበለው ኮንፈረንስ ማግኘት አለበት። ኤንሲኤኤ ከ2007 እስከ 2011 በሩን ዘግቶ ነበር፤ ሲከፍተው ከዲቪዚዮን አንድ ኮንፈረንስ ግብዣ ያልያዘ ኮሌጅ ማመልከት እንዳይችል አደረገ። የማመልከቻው ክፍያም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚያ ሽግግሩ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ከሁለት ወደ አንድ አራት ዓመት፣ ከሦስት ወደ አንድ አምስት ዓመት ይፈጅ ነበር። በጃንዋሪ 2025፣ የተቀመጡትን መስፈርቶች ለሚያሟሉ ኮሌጆች አራቱ ሦስት፣ አምስቱ አራት ሆነ። በነዚህ ዓመታት ቡድኑ የዲቪዚዮን አንድ ተጋጣሚዎችን ይገጥማል፣ የዲቪዚዮን አንድን ደንብ አንድ ሳይቀር ይጠብቃል፣ ወደ ኤንሲኤኤ ሻምፒዮና ግን አይገባም። ግዴታው ከመጀመሪያው ቀን ይይዘዋል፣ መብቱ ግን ይጠብቃል። አባቶች ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ይህንን ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ማርች 2023 ላይ ታይቷል። ከዲቪዚዮን ሁለት በ2019 የተነሳው ሜሪማክ የኮንፈረንሱን የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ፌርሊ ዲኪንሰንን 67 ለ66 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሜሪማክ ገና አራተኛ የሽግግር ዓመቱ ላይ ስለነበር የብሔራዊው ውድድር ቦታ ለተሸናፊው ተላለፈ። ፌርሊ ዲኪንሰኖች ይህን ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ያውቁ ነበር፤ ግማሽ ፍጻሜውን ሲያልፉ ትኬታቸው ተቆርጦላቸዋል። ከዚያ ሄደው በምድባቸው አንደኛ ተብሎ የተቀመጠውን ፐርዱን 63 ለ58 ጥለው አገር ጉድ አሰኙ። በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ያሸነፋቸው ቡድን ግን ከውድድሩ ውጭ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊትም ቤላርሚን በራሱ ኮንፈረንስ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶት ነበር።

ጥሩ የተጠናቀቀም አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተማሪዎቹን በ2016 ድምፅ አሰጥቶ፣ በየሩብ ዓመቱ 160 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ለመክፈል ከ70 በመቶ በላይ የሆኑት ተስማምተው፣ በ2020 ተነሳ። ሽግግሩን እንደጨረሰ በመጀመሪያው ዓመት፣ ማርች 2025፣ ወንዶቹ ኮንፈረንሱን አሸንፈው ብሔራዊው ውድድር ገቡ፤ በሚሺጋን 68 ለ65 ተሸነፉ። ግን ልብ በሉ፤ በ2020 ገብተው በ2024 የተመረቁት ያን ክፍያ ከፍለዋል፣ በየጨዋታው ላባቸውን አፍስሰዋል፣ ከሻምፒዮናው ግን አልደረሱም። መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የወላጅ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዲቪዚዮን አንድ ነው ወይ?» መሆን የለበትም። «ሽግግር ላይ ከሆነ ልጄ በሚገባበት መኸር ስንተኛ ዓመቱ ላይ ይሆናል?» ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በሦስት ዓመት ሽግግር ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የገባ ተማሪ ለሻምፒዮና የሚበቃው በአራተኛው፣ በመመረቂያው ዓመት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት የገባ ሁለት ዓመት ያገኛል፣ በሦስተኛው የገባ ሦስት። የኒው ሄቨን ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመቱን ጉዞ በ2025 ስለጀመረ፣ ሁሉም በዕቅዱ ከሄደ በር የሚከፈትለት በ2028–29 ነው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ያለ ሯጭ አንዱን የውድድር ዘመን ሳይሮጥ ቢያሳልፍና አምስተኛ ዓመት ቢቆይ ሁለት ዕድል ያገኛል፤ ግን አምስተኛው ዓመት የማን ኪስ ነው? መልሱ ከአሰልጣኙ አፍ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ መነበብ አለበት።

ከልጆቻችን ብዙዎቹ ሯጮች ስለሆኑ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ ውድድር እና የጸደዩ የመም ውድድር በኤንሲኤኤ ቆጠራ እንደ ሦስት ስፖርት ይያዛሉ። አንዲት የ5,000 ሜትር ሯጭ በሦስቱም ትቆጠራለች ማለት ነው። 14 ስፖርት ማሟላት የቸገረው ኮሌጅ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው፤ መዋኛ ገንዳ ከመቆፈር 20 ሯጭ መመልመል ይረክሳል። ለዚህ ነው በሽግግር ላይ ያሉ ኮሌጆች ሯጮቻችንን አጥብቀው የሚደውሉላቸው። መጥፎ ነገር አይደለም፣ በር ይከፍታል። ግን ቡድኑ የተቋቋመው ቁጥር ለመሙላት ከሆነ ምልክቱ ይታያል። አንድ አሰልጣኝ ወንዱንም ሴቱንም፣ አጭር ርቀቱንም አሎሎውንም ብቻውን ይይዛል፤ የራሱ መም የለውም፤ ስኮላርሺፑ ከመጻሕፍት መግዣ አያልፍም።

ሒሳቡን እንይ። በዲቪዚዮን ሁለት ለወንዶች አገር አቋራጭና የመም ቡድን በአንድ ላይ የተፈቀደው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፣ ለሴቶችም እንዲሁ። በዲቪዚዮን አንድ የቆየው ጣሪያ ለወንዶች 12.6፣ ለሴቶች 18 ነው። ይህ ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም፤ ብዙ ኮሌጅ ግማሹንም አይሞላም። ለምሳሌ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 50,000 ዶላር ቢሆንና ኮሌጁ 12.6ቱን በሙሉ ቢሰጥ 630,000 ዶላር ነው። ለ40 አትሌት ቢካፈል ለአንዱ 15,750 ይደርሰዋል። ቀሪው 34,250 በየዓመቱ ከቤተሰብ፣ ከብድር ወይም ከሌላ ድጎማ ይመጣል። «ስኮላርሺፕ አገኘ» የሚለው ዜና ከበስተጀርባው ይህ ሒሳብ አለው።

በጁን 2025 የጸደቀው የሐውስ ስምምነት (ኮሌጆች ለአትሌቶች በቀጥታ እንዲከፍሉ የፈቀደው የፍርድ ቤት ስምምነት) ደግሞ ጨዋታውን ቀይሮታል። ስምምነቱን የተቀበለ የዲቪዚዮን አንድ ኮሌጅ የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቶለት በምትኩ የአትሌት ቁጥር ገደብ ተጣለበት፤ በአገር አቋራጭ 17፣ በመም 45። ድሮ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን ተቀላቅሎ፣ ሁለት ዓመት ታግሦ፣ ሰዓቱን አሻሽሎ ከፊት የሚሰለፍ ልጅ ነበር። 17 ሰው በሚይዝ ቡድን ውስጥ 18ኛው እና 25ኛው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ስለዚህ ኮሌጁ ስምምነቱን ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም የሚለው ለሯጭ ቤተሰብ ከማሊያው ስም ይበልጣል።

ርቀቱም ይለያያል። በዲቪዚዮን ሦስት የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ወንዶች 8 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፣ በአንድና በሁለት 10። የሴቶቹ 6 ነው። 8 ኪሎ ሜትር ላይ የተሳለ የ1,500 ሜትር ልጅ ኮሌጁ ከሦስት ወደ አንድ ሲሻገር ሁለት ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል፣ ሳምንታዊ ልምምዱም አብሮ ይረዝማል። ወደ ዲቪዚዮን አንድ አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚያሳልፉት በ9 ክልሎች የሚደረጉ ማጣሪያዎች ናቸው፤ ብሔራዊው መስመር ላይ የሚቆሙት 31 ቡድኖችና 38 ግለሰቦች ብቻ ናቸው። በጸደዩ የመም ውድድር በየርቀቱ ከምሥራቅ 48፣ ከምዕራብ 48 ይጠራሉ፣ ከዚያ ከየወገኑ 12 ያልፋሉ። ሰዓቱ ከ48ቱ ውስጥ የሚያስገባው ልጅ ኮሌጁ ሽግግር ላይ ከሆነ ስሙ ይታለፋል፣ ቀጣዩ ይጠራል። በግል የሚሮጥ ሰው በቡድኑ ምክንያት አይከለከልም ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። በኮንፈረንሱ ውድድር መሮጥ ግን ኮንፈረንሱ ከፈቀደ ይችላል።

ዲቪዚዮን ሁለት ያነሰ ነው የሚለውንም አስተሳሰብ አልቀበለውም። ኮሎራዶ አላሞሳ ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 7,500 ጫማ ላይ ያለው አዳምስ ስቴት ዲቪዚዮን ሁለት ነው። በ1992 በአሰልጣኝ ጆ ቪሂል እጅ የአገር አቋራጭ ሻምፒዮናውን በ15 ነጥብ ወሰደ፤ ከአንድ እስከ አምስት የገቡት ሁሉም የእሱ ልጆች ነበሩ ማለት ነው። የሩቅ ርቀት አሠራር የገባውን አሰልጣኝ ትቶ ትናንት ዲቪዚዮን አንድ ወደ ተባለ ባዶ ፕሮግራም መሮጥ ለሯጭ ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ፣ ኖተርዳም ገብቶ፣ በ2019 የዲቪዚዮን አንድ የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆኖ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ አግኝቷል። ያ መንገድ የተሠራው ግን ነባር፣ ሙሉ አባል በሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚወድቅበት ጉድጓድ፣ ወደ ትምህርት ደንቡ ልምጣ። ለመግቢያ ዲቪዚዮን አንድ 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችንና 2.3 ጂፒኤ ይጠይቃል፤ ከ16ቱ አሥሩ ከ12ኛ ክፍል በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከአሥሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ዲቪዚዮን ሁለትም 16 ይላል፣ ጂፒኤው ግን 2.2 ነው፣ የአሥሩ ደንብም የለበትም። ዘግይቶ አሜሪካ የመጣና 9ኛና 10ኛ ክፍልን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ማጠናከሪያ ያሳለፈ ልጅ ሁለቱን አንድ አድርጎ ካየ ይወድቃል። የአማካሪው ቢሮ ይህን ብዙ ጊዜ አያነሳም።

ከገባ በኋላ የባሰ አለ። በዲቪዚዮን አንድ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ተማሪው ከሚመረቅበት ዲግሪ 40 በመቶውን ማጠናቀቅ አለበት፣ ሲቀጥል 60፣ ከዚያ 80። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ 40 በመቶ 48 ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ በዲቪዚዮን ሁለት ገብታ ሁለት ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ 60 ክሬዲት አጠናቀቀች እንበል። ወደ ነርሲንግ ስትቀይር ከ60ው ለአዲሱ ዲግሪ የሚቆጠሩት 42 ናቸው። ኮሌጇ ወደ አንድ ሲሻገር በዲቪዚዮን አንድ ደንብ 6 ክሬዲት ጎደላት፣ መኸሩን ቆማ ታያለች። ነርሲንግና ፋርማሲ የቤቶቻችን ምርጫ እንደሆኑ እናውቃለን፤ የትምህርት ዘርፍ ለውጡን ከሽግግሩ በፊት ወይም ከበጋ ኮርስ ጋር አጣምሮ ማድረግ ይቻላል፣ ማስላት ብቻ ነው የሚፈልገው።

የዓመታት ሰዓቱም ይለያያል። እስካሁን በሚሠራበት ደንብ ዲቪዚዮን አንድ ከመጀመሪያው የሙሉ ጊዜ ምዝገባ ጀምሮ አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመት ይሰጣል፤ ተማሪው ትምህርት ቢያቋርጥም ሰዓቱ አይቆምም። ዲቪዚዮን ሁለትና ሦስት የሚቆጥሩት 10 ሴሚስተር ነው፣ ያልተመዘገበበት አይቆጠርም። ዘመድ ታሞበት አንድ ዓመት አዲስ አበባ የከረመ ተማሪ በአሥር ሴሚስተሩ ሒሳብ ምንም አልጎደለበትም፣ በአምስት ዓመቱ ሒሳብ አንድ ዓመት ተበልቶበታል። ኮሌጁ ወደ አንድ ሲሻገር ይህ ልዩነት ይፈነዳል። 12ኛ ክፍል አገር ቤት ጨርሶ ለክለብ የሮጠ፣ ደሞዝ የተቀበለ፣ በጎዳና ውድድር የተሸለመ ወጣትም ከዚሁ ይመደባል። ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ከአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ ያለፈ የተደራጀ ውድድር በዲቪዚዮን አንድ የውድድር ዘመን ያስቀንሳል፤ ለዲቪዚዮን ሁለት ያለፈ ፋይል ለአንድ ላያልፍ ይችላል። እነዚህ የዕድሜና የዓመት ደንቦች እየተከለሱ ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን የሚሠራውን ከኮሌጁ ኮምፕላያንስ (ደንብ አስከባሪ) ቢሮ በጽሑፍ መቀበል ነው። የተሮጠውን መደበቅ አያዋጣም፤ የውድድር ውጤት ኢንተርኔት ላይ ተለጥፎ ይኖራል።

ወደ ታች የሚሄዱትስ? ፔንሲልቬኒያ የሚገኘው ሴንት ፍራንሲስ ማርች 2025 ላይ ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊውን የቅርጫት ኳስ ውድድር ገባ፣ በአላባማ ስቴት 70 ለ68 ተሸነፈ፣ ከሳምንት በኋላ ወደ ዲቪዚዮን ሦስት እሄዳለሁ ብሎ አሳወቀ። የሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲም በ2021 በታሪኩ የመጀመሪያውን ተሳትፎ አድርጎ በሁለት ወር ውስጥ ቦርዱ ያንኑ ወሰነ፣ በ2022–23 ያለ ኮንፈረንስ ተንከራትቶ ነው ዲቪዚዮን ሦስት የገባው። ሁለቱም ሜዳ ላይ ስለተሸነፉ ሳይሆን ሒሳብ ሠርተው ነው የሄዱት። አትሌት በሚከፈለውና በየዓመቱ ትምህርት ቤት በሚቀይርበት ዘመን ትንሽ ኮሌጅ በዲቪዚዮን አንድ መቆየቱ በራሱ ጥያቄ ሆኗል። «ወረደ» ብሎ ማሳፈር ተገቢ አይመስለኝም። ግን መመለስ ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ በርሚንግሃም ሳውዘርን በ2006 ከአንድ ወደ ሦስት ለመመለስ ወስኖ ተመለሰ፣ በሜይ 2024 ኮሌጁ ራሱ ተዘጋ።

ወደ ሦስት በሚሄድ ኮሌጅ ያለ ተማሪ አሳሳቢው ስኮላርሺፑ ነው። ኮሌጁ የነባሮቹን እስከ ምረቃ እከፍላለሁ ሊል ይችላል፣ ወይም በትምህርት ድጎማ ስም ይተካዋል። «እናስብበታለን» መልስ አይደለም። በኤፍ ዋን (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ላለ ተማሪ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው፤ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ማመልከት አይችልም፣ ለቪዛው መሠረት በሆነው የኮሌጁ ሰነድ በአይ-20 ላይ የተጻፈው የገንዘብ ምንጭ ሲቀየር የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ቶሎ ማወቅ አለበት።

በራሱ በዲቪዚዮን አንድ ውስጥም ሽግግር አለ። ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ያለው ጀምስ ማዲሰን ከኤፍሲኤስ (ከኤፍቢኤስ ቀጥሎ ካለው የፉትቦል እርከን) ወደ ኤፍቢኤስ የሄደው በ2022 ነው። ገና መልቀቁን በኖቬምበር 2021 ሲያሳውቅ የቀድሞው ኮንፈረንስ ቡድኖቹን ከኮንፈረንሱ ሻምፒዮና አገደ። እርከን የሚቀይረው ፉትቦሉ ነው፣ የተቀጣችው ግን የሶፍትቦል ተጫዋቿም ጭምር ናት። በ2023 ፉትቦሉ 11 አሸንፎ አንድ ተሸንፎ፣ ሽግግሩ ስላላለቀ የኮንፈረንሱን ፍጻሜ አልተጫወተም። የማመልከቻው ክፍያ ያኔ 5,000 ዶላር ነበር፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ 5 ሚሊዮን ሆኗል። ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ለሚል፣ የተማሪውን የክፍያ ደረሰኝ ዘርዝሮ ማየት ነው። በሕዝብ ኮሌጆች «የአትሌቲክስ ክፍያ» የሚል መስመር አለ፤ ኳስ ነክቶ የማያውቀውም ይከፍለዋል።

ፊርማን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው አሁንም «ሌተር ኦፍ ኢንቴንት (ለአንድ ኮሌጅ ለመጫወት የሚገባ የጽሑፍ ቃል) ፈረመ» ይላል። ያ ወረቀት በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። የሚፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነቱ ራሱ ነው። እዚያ ላይ የሚታዩት መስመሮች ጥቂት ናቸው፤ ስምምነቱ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት፣ መጠኑ በዶላር ነው ወይስ በመቶኛ (የትምህርት ክፍያ ሲጨምር መቶኛው አብሮ ያድጋል፣ ዶላሩ ባለበት ይቆማል)፣ ቡድኑ ቢታጠፍ ወይም ዲቪዚዮን ቢቀየር ምን ይሆናል። የአንድ ዓመት ከሆነ ኮሌጁ መታደሱን ወይም መቀነሱን እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ከቀነሰም ተማሪው ከአትሌቲክስ ክፍሉ ውጭ ባለ ኮሚቴ ፊት የመሰማት መብት አለው። ጁላይ አንድ ካለፈ በኋላ ዝም ያለ ኮሌጅ ካለ ዝም ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ቡድን ይታጠፋል ወይ ለሚል፣ በ2022 ወደ ዲቪዚዮን አንድ የተሻገረው ሊንደንውድ ገና ሽግግሩን ሳይጨርስ በዲሴምበር 2023 ወደ አሥር የሚጠጉ ስፖርቶችን እንደሚያጥፍ አስታውቋል።

ጥያቄዎቹን በስልክ ሳይሆን በኢሜይል መላክ፣ ቅጂውንም ለኮምፕላያንስ ቢሮ ማድረግ ይጠቅማል። አሰልጣኝ ሥራ ይቀይራል፣ ኢሜይሉ ይቀራል።

ለጋዜጣችሁ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። የተመራቂዎችን ፎቶ ስታወጡ ከኮሌጁ ስም ቀጥሎ ዲቪዚዮኑን ትጽፋላችሁ። ኮሌጁ ሽግግር ላይ ከሆነ በቅንፍ «ሁለተኛ የሽግግር ዓመት» ወይም «ከ2028 ጀምሮ ሙሉ አባል» የሚል አንድ ሐረግ ጨምሩበት። ኮሌጆቹ ይህን ራሳቸው በይፋ ስለሚያሳውቁ ለማጣራት አንድ ስልክ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ